ባለ 24 ቢት የሙዚቃ ዲስክ ለሳሎኑ ዲቪዲ ዴክ

ከሲዲ የተሻለ ጥራት ያለው የድምፅ ዲስክ ቤቱ ሆኖ በርን ማድረግ (ባዶ ዲስክ ላይ መጻፍ) የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር "ዲቪዲ-ኦዲዮ ሥራ" የሚል ነው። ምክሩ ስሕተት የለበትም፤ ችግሩ ዴኩ ላይ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ፣ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጡት ዴኮች በብዛት ዲቪዲ-ኦዲዮ የሚባል ነገር አያውቁም። ዲስኩን ትንሽ ያሽከረክሩትና "ኖ ዲስክ" ብለው ይተፉታል። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ስለ ሌላው መንገድ ነው፦ ድምፁ ሳይጨመቅ በ24 ቢት የተቀመጠበት ተራ ዲቪዲ-ቪዲዮ። ዲቪዲ-ኦዲዮን ወደ ታች አነሳዋለሁ፤ የሚሆነው ሰው አለና።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንጨርስ። ኪሎኸርዙ ድምፁ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚለካ፣ ቢቱ ደግሞ እያንዳንዱ ልኬት፣ ማለትም ናሙና፣ ምን ያህል ዝርዝር እንደሚይዝ ይናገራል። ሲዲ 16 ቢትና 44.1 ኪሎኸርዝ ነው። ዲቪዲ-ቪዲዮ ያልተጨመቀ ድምፅ፣ ማለትም ኤልፒሲኤም፣ በ48 ወይም በ96 ኪሎኸርዝ፣ በ16፣ በ20 ወይም በ24 ቢት ይቀበላል። ለዚህ ድምፅ የተፈቀደው ጣሪያ በሰከንድ 6.144 ሜጋቢት ነው። 96,000ን በ24፣ ከዚያ በሁለት ቻናል ብታባዙት 4.608 ሜጋቢት ስለሚመጣ በደንብ ይገባል። 192 ኪሎኸርዝ ግን 9.216 ይሆናልና አይገባም። 44.1 እና 88.2 ደግሞ መጠናቸው ቢያንስም ደረጃው ራሱ አያውቃቸውም። ይህን ያላጣራ ሰው ከሲዲ የገለበጠውን ፋይል እንዳለ ለመክተት ይሞክራል፤ ሶፍትዌሩ ወይ እምቢ ይላል፣ ወይ ደግሞ፣ ከሁሉ የሚከፋው ይኼ ነው፣ ምንም ሳይናገር በራሱ መንገድ ቀይሮ ያስገባዋል።

ምን ዓይነት ድምፅ ነው ይህን ያህል ቦታ የሚገባው? በወሎ ቤቶች ያለው ሀብት በአብዛኛው ካሴት ነው፦ አምባሰልና ባቲ፣ መንዙማ፣ የሠርግ ጭፈራ፣ የሞተ ዘመድ ድምፅ። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚሄድ ቀጭን ክር ነው። ተራው ካሴት ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ (እዚህ ኪሎኸርዝ የሚለካው የድምፁን ቅጥነት ነው) የረባ ነገር አይዝም፤ በሙዚቃውና በክሩ ሹክሹክታ መካከል ያለው ርቀትም ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ለእሱ 24 ቢት በ48 ኪሎኸርዝ ከበቂ በላይ ነው። 24 ቢቱ የሚጠቅመው ሙዚቃውን ስለሚያሳምር አይደለም፤ ስትቀዱ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ በሰላም እንድትይዙ ስለሚያስችላችሁ ነው። 24/96ን፣ ማለትም 24 ቢት በ96 ኪሎኸርዝ፣ ለአዲስ ቀረጻ አስቀምጡት፦ በእጅ በሚያዝ ሪኮርደር በ96 ለተቀዳ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ወይም ለገና ላሊበላ ላይ ለሚዜመው ቤዛ ኩሉ። እዚያም ቢሆን ጥቅሙ የመጀመሪያው ቅጂ ሳይለወጥ ዲስኩ ላይ መቀመጡ ነው። የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ አይሰማም፤ ጥሩ ሆኖ የተሠራ ባለ 16 ቢት ቅጂን ከባለ 24ቱ በጆሮ የሚለይ ሰው ብዙም አይገኝም።

ከዩቲዩብ የወረደ ኤምፒ3 ወደ 24/96 ቀይሮ "ሃይ ሬዞሉሽን" ብሎ መጻፍ ጠላ ላይ ውሃ ጨምሮ ጋኑን መሙላት ነው፤ ጋኑ ይሞላል እንጂ ጠላው አይበዛም። የተሰጣችሁ ፋይል እውነተኛ መሆኑን ለማየት ስፔክ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ክፈቱና ፋይሉን ጎትታችሁ ጣሉበት፤ የድምፁን ቅጥነት በቀለም ያሳያችኋል። ቀለሙ 16 ኪሎኸርዝ ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ካበቃ ከ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 የመጣ መሆኑን ጠርጥሩ። 22 ኪሎኸርዝ ላይ ካበቃ ደግሞ ከሲዲ ወደ ላይ የተጎተተ ነው።

ከካሴት ወደ ላፕቶፕ

ሶፍትዌር ከመክፈታችሁ በፊት ቴፑን ስሩት። የቴፑን ሄድ (ክሩን የሚያነበውን ክፍል) እና ላስቲኩን ሮለር በጥጥና በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ፤ ቢቻል 90 በመቶና ከዚያ በላይ ንጹሕ የሆነ። በአረቄ የሚጠርጉ ሰዎች አሉ፤ ውሃም ሌላ ቅሪትም ስላለው ሄዱ ላይ ይደርቅበታል፣ ተዉት። ለዓመታት ቁም ሣጥን ውስጥ የተኛ ካሴት ከሆነ አንዴ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ አጠንጥኑት። ክሩ እርስ በርሱ የተጣበቀበት ቦታ ይላቀቃል፣ ፍጥነቱም እየተንቀጠቀጠ አያስቸግርም።

ከዚያ የሄዱን አቋም፣ አዚሙት የሚባለውን፣ አስተካክሉ። ሄዱ ለክሩ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ቀጫጭኑ ድምፅ ይሞታል፤ ማሲንቆው ከብርድ ልብስ ሥር የሚጫወት ይመስላል፣ የዘፋኟ "ሰ" እና "ሸ" ይደበዝዛል። ከሄዱ ጎን አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፤ ብዙ ቴፖች ላይ "ፕሌይ" ሲጫን በቀዳዳ ትታያለች። ድምፁን ሞኖ አድርጋችሁ እየሰማችሁ፣ ማግኔት በሌለው ትንሽ ካቻቢቴ በጣም በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ አዙሯት። ቀጭኑ ድምፅ ከሁሉ ይልቅ ጥርት ብሎ የሚወጣበት ቦታ ላይ ተዋት። እያንዳንዱ ካሴት የተቀዳው በሌላ ቴፕ ስለሆነ ለአንዱ ያስተካከላችሁት ለሌላው ላይሠራ ይችላል፤ ካሴት በቀየራችሁ ቁጥር ስሙት። የዶልቢ ቁልፍ ካለው፣ ካሴቱ ላይ የዶልቢ ምልክት እስከሌለ ድረስ አጥፉት። ካልጠፋ ቀጭኑን ድምፅ በከንቱ ይበላባችኋል። ይህን ሁሉ በኋላ በኢኳላይዘር አስተካክላለሁ ማለት አይሆንም፤ ሄዱ ያላነበበውን ነገር ኢኳላይዘር ከየትም አያመጣውም።

ከቴፑ "ላይን አውት" ወደ ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ "ላይን ኢን" አገናኙ። የላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ለዚህ አይሆንም፤ ብዙውን ጊዜ ሞኖ ነው፣ ኃይለኛ ሲግናልም ያንቀዋል። ላይን አውት የሌለው ቴፕ ከሆነ የጆሮ ማዳመጫ መውጫውን ተጠቀሙ፣ ቮልዩሙንም መሐል አካባቢ አድርጉት። "ኡኡኡ" የሚል ወፍራም ድምፅ ከመጣ የመብራቱ ነው፤ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ጩኸቱ 50 እና 100 ላይ ይቀመጣል። ከአሥር ዘጠኙን ጊዜ የላፕቶፑን ቻርጀር ስትነቅሉ ይጠፋል።

ለመቅዳት ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ሶፍትዌር ይበቃል፤ ዊንዶውስ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። የድምፅ ሆስት ተብሎ የተመረጠው ኤምኤምኢ ከሆነ የምትቀዱት በ16 ቢት ነው። ፋይሉን 24 ብላችሁ ብታስቀምጡትም የታችኞቹ 8 ቢቶች ባዶ ናቸው። ሆስቱን ወደ "ዋሳፒ" ቀይሩት፤ በዊንዶውስ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥም መቅጃው 24 ቢት መሆኑንና ፍጥነቱ ኦዳሲቲ ውስጥ ከመረጣችሁት ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሶክስ የሚባለው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ "ስታትስ" የሚል ትእዛዝ አለው፤ ፋይሉን ሰጥታችሁ "ቢት ዴፕዝ" የሚለውን መስመር አንብቡ። 16/24 ካለ ስሙ 24፣ ሥራው 16 ነው።

የመቅጃው ጫፍ ከ−12 እስከ −6 ዴሲቤል ድረስ ይድረስ እንጂ ዜሮን አይንካ። በአዲስ ቀረጻ ላይ የሚያታልለው ጭብጨባውና ከበሮው ነው፤ ዘፋኙ ለስለስ ብሎ ሲጀምር ሜትሩን አይታችሁ ከፍ ካደረጋችሁት፣ ጭፈራው ሲሞቅ ጭብጨባው ከዜሮ አልፎ ይቆረጣል። መጀመሪያውኑ መካከለኛውን ድምፅ −20 አካባቢ አድርጉና አትንኩት፤ 24 ቢት ነው፣ ቦታ አለ። ሪኮርደሮች በ24/96 አንድ ሰዓት 2.07 ጊጋባይት ስለሚይዙ ረጅም ሀድራ ወይም ሠርግ ሲቀዱ ፋይሉን 2 ወይም 4 ጊጋ ላይ ይቆርጡታል። ቁርጥራጮቹን ኦዳሲቲ ውስጥ ጫፍ ለጫፍ አገጣጥሟቸው፤ መሐላቸው ላይ ፌድ (ድምፁን ቀስ በቀስ ማደብዘዝ) አታድርጉ፣ አንዲት ናሙና እንኳ አልጠፋችም።

የክሩን ሹክሹክታ መቀነስ ከፈለጋችሁ የኦዳሲቲ ማጽጃ ላይ 6 ዴሲቤል ይበቃል። 12 እና ከዚያ በላይ ካደረጋችሁ የማሲንቆው ጭራ ውሃ ውስጥ የሚፈተግ ይመስላል፤ ያንን ከመስማት ሹክሹክታውን መስማት ይሻላል። ድምፁን ከፍ ስታደርጉም ሁሉንም ዘፈን በአንድ ላይ እንጂ እያንዳንዱን ለየብቻ አታድርጉ፤ ለስላሳው ትዝታ ከጭፈራው እኩል ይጮሃል።

ዘፈኖቹን መቁረጥ

ሰው የሚሰናከለው በርን ላይ ሳይሆን እዚህ ነው። ዲቪዲ-ቪዲዮ ላይ ድምፁ ብቻውን አይሄድም፤ ሁልጊዜ ከሥሩ ምስል አለ፣ ጥቁር ስክሪንም ቢሆን። የዘፈን መጀመሪያ፣ ማለትም ቻፕተር፣ የሚያርፈው አንድ ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው ከተሠራባቸው ተከታታይ ሥዕሎች አንዱ፣ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ዘፈናችሁ የምስል ፍሬም መሐል ላይ ካለቀ ሶፍትዌሩ ሁለት ምርጫ አለው፦ የጎደለውን በዝምታ መሙላት ወይም ድንበሩን ማንቀሳቀስ። በዘፈኖቹ መካከል ዝምታ ካለ ማንም አይሰማውም። የመድረክ ቀረጻ ወይም ያለማቋረጥ የሚቀጥል መንዙማ ከሆነ ግን በየድንበሩ "ቀጭ" የሚል ነገር ትሰማላችሁ።

መፍትሔው ሒሳብ ነው። የኛ ቴሌቪዥን ፓል ነው፤ ፓል በሰከንድ 25 ፍሬም አለው፣ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው። በ48 ኪሎኸርዝ አንድ ፍሬም ልክ 1,920 ናሙና፣ በ96 ደግሞ ልክ 3,840 ይይዛል። ኦዳሲቲ ውስጥ የመምረጫውን የሰዓት አጻጻፍ "ፓል ፍሬምስ 25" ወደሚለው ቀይሩና "ስናፕ"ን አብሩ። ከዚያ በኋላ የምታደርጉት ምልክት ሁሉ ፍሬም ላይ ብቻ ያርፋል። በየዘፈኑ መጀመሪያ ሌብል አድርጉ፣ ከዚያ ኤክስፖርት ስታደርጉ በየሌብሉ የተለያየ ፋይል እንዲሆን መርጣችሁ 24 ቢት ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) አውጡ። ኤንቲኤስሲ የሚባለውን ሌላውን የቴሌቪዥን ሥርዓት መርጣችሁ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሠራም ነበር፤ እዚያ በ96 ኪሎኸርዝ አንድ ፍሬም 3,203.2 ናሙና ነው፣ ሙሉ ቁጥር አይደለም። አብዛኞቹ የእንግሊዝኛ መመሪያዎች የተጻፉት ለኤንቲኤስሲ አገር ስለሆነ ይህን ነገር አያነሱትም።

ምንጫችሁ 44.1 ከሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት ወደ 48 ቀይሩት፤ ከተቆረጠ በኋላ ከቀየራችሁት ድንበሮቹ ይንሸራተታሉ። ሶክስ "ሬት" የሚለው ትእዛዙ በከፍተኛው ጥራት ንጹሕ ሥራ ይሠራል። ሲቀይር ግን አንዳንድ ጫፎች ከዜሮ በላይ ይወጣሉ፤ አስቀድማችሁ 1 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉት ወይም በትልቁ "ጂ" የሚጠራውን መከላከያ ጨምሩለት።

ዲስኩን ማዘጋጀት

ብዙዎቹ የዲቪዲ መሥሪያ ሶፍትዌሮች፣ በገንዘብ የሚሸጡትም ጭምር፣ የሰጣችኋቸውን ድምፅ ወደ ዶልቢ ዲጂታል ወይም ወደ ኤምፒ2 ይጨምቁታል፤ የተሻሉት ደግሞ ወደ 16 ቢት ያወርዱታል። ማስታወቂያው ላይ "ሃይ ኳሊቲ ሳውንድ" የሚል ነገር ስላለ አትመኑ፤ ማውጫው ላይ "ኤልፒሲኤም 24 ቢት" የሚል ምርጫ ከሌለ ሂዱ ሌላ ፈልጉ።

ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራው ኤልፕሌክስ ነው፤ በላቲን ፊደል ኤል፣ ፒ፣ ኤል፣ ኢ፣ ኤክስ ብላችሁ ፈልጉት። ነፃ ነው፣ ትንሽ ነው፣ በሞባይል ዳታም ይወርዳል። መልኩ አያምርም፤ ጥቁር መስኮት ከፍቶ ይሠራና ይዘጋል። የዌቭ ወይም የፍላክ ፋይሎቹን አንድ ፎልደር ውስጥ በተርታ 01፣ 02 እያላችሁ በላቲን ፊደል ሰይሙና ፎልደሩን ለፕሮግራሙ ስጡት። የቪዲዮው ዓይነት ፓል መሆኑን በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ አረጋግጡ። ሲጨርስ አይኤስኦ የሚባል፣ ሙሉው ዲስክ በአንድ ፋይል የተቀመጠበት ቅጂ ይሰጣችኋል። ከሌሎቹ የሚለየው ሌላው ነገር ወደ ኋላም መሥራቱ ነው፦ ከተሠራው ዲስክ ላይ ድምፁን መልሶ አውጥቶ ከመነሻው ጋር ቢት በቢት አንድ መሆኑን ማየት ይቻላል።

በአንድ ፎልደር የሰጣችሁት አንድ ታይትል ይሆናል፣ ዘፈኖቹም ቻፕተር። ይህን አትለውጡ። እያንዳንዱን ዘፈን የራሱ ታይትል ካደረጋችሁት ዴኩ ከታይትል ወደ ታይትል ሲዘል ቆም ይላል፤ አንዳንዱ ዴክ ሁለት ሰከንድ ይወስዳል። አንድ ታይትል እስከ 99 ቻፕተር ይይዛል፤ ከዚያ የሚበልጥ ዘፈን አንድ ዲስክ ላይ አይኖራችሁም።

በዘፈኑ ጊዜ ምስል እንዲታይ ከፈለጋችሁ 720 በ576 የሆነ ሥዕል አዘጋጁ። የዘፈኑን ስም በአማርኛ የምትጽፉት ሥዕሉ ላይ ነው፤ በኒያላ ወይም በኖቶ ፊደል ጽፋችሁ እንደ ሥዕል አስቀምጡት። ጽሑፉን ከየጠርዙ አንድ አሥረኛ ያህል ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ባለ ትልቅ ኋላው ቴሌቪዥን ጠርዙን ይበላል። የዲስኩ የራሱ ስምና የፋይሎቹ ስም ግን በላቲን ትልልቅ ፊደልና ቁጥር ብቻ ይሁን፣ ከ32 ፊደል አይብለጥ። የግዕዝ ፊደል እዚያ ከገባ አሮጌ ዴክ ዲስኩን ላይከፍተው ይችላል።

ስንት ይገባል? ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ነው፤ ኮምፒዩተሩ በራሱ አቆጣጠር 4.38 ይለዋል፣ አልጎደለም። በ24/96 ሁለት ሰዓት፣ በ24/48 አራት ሰዓት ብላችሁ ያዙት። እስከ ጫፍ አትሙሉት። ዲስክ የሚጻፈው ከመሐል ወደ ዳር ነው፤ ጣት የሚነካውም፣ ቀለሙ የሚሳሳውም፣ ዴኩ መጀመሪያ የሚሰናከለውም ዳሩ ላይ ነው። 4.2 ጊጋ ላይ ብታቆሙ ጥሩ ነው። ባለ ሁለት ንብርብሩን 8.5 ጊጋ ዲስክ ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ሁለቱ ንብርብሮች በሚገናኙበት ቦታ ዴኩ ሊቆም ይችላል፣ ያ ደግሞ ዘፈን መሐል ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ዲስክ ከማባከናችሁ በፊት አይኤስኦውን በቪኤልሲ ክፈቱት፣ "ኮዴክ ኢንፎርሜሽን" የሚለውን እዩ። 96,000 ኸርዝና 24 ቢት ማለት አለበት። ኤ52 የሚል ከታየ ዶልቢ ሆኗል፤ ወደ ኋላ ተመለሱ።

በርን

ዲስኩን ለመጻፍ ዊንዶውስ ላይ ኢምግበርን፣ ሊነክስ ላይ ኬ3ቢ የሚባሉትን ሶፍትዌሮች ተጠቀሙ። የኢምግበርን የመጨረሻ እትም 2.5.8.0 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፤ አሮጌ ቢሆንም ሥራውን ይሠራል። ስትጭኑት ብቻ "ኔክስት" እያላችሁ አትሩጡ፤ ጫኙ ሌላ የማትፈልጉትን ፕሮግራም ይዞ ይመጣልና "ከስተም" መርጣችሁ ምልክቶቹን አንሱ።

ዲቪዲ-አር ከፕላሱ ይልቅ በአሮጌ ዴኮች ይነበባል። ያላችሁ ዲቪዲ ፕላስ አር ከሆነ፣ መጻፊያው የሚፈቅድ እንደሆነ ኢምግበርን ውስጥ "ቡክ ታይፕ" የሚለውን ወደ ዲቪዲ-ሮም ቀይሩት፤ ዴኩ ፋብሪካ የታተመ ዲስክ ይመስለዋል። ሚነሱ ዲስክ (ዲቪዲ-አር) ላይ ይህ አይቀየርም፣ አያስፈልገውምም። ዲቪዲ-አርደብሊው ብርሃን በደንብ ስለማያንጸባርቅ ብዙ ዴክ አያነበውም፤ ኮምፒዩተር ላይ ለመሞከሪያ ግን ጥሩ ነው።

ፍጥነት ላይ "በ1 እጥፍ ከጻፍከው ድምፁ ይጠራል" የሚል የቆየ ወሬ አለ። ለዛሬ ዲስክ አይሠራም። 16 እጥፍ የሚል ጽሑፍ ያለበት ዲስክ ቀለሙ የተዘጋጀው ለከፍተኛ ፍጥነት ነው፤ በጣም ቢዘገይ ሌዘሩ በማይስማማው ኃይል ይጽፍበታል። 8 እጥፍ ምረጡ፤ ጥራቱ የማይታወቅ ርካሽ ዲስክ ከሆነ 4። በ4 እጥፍ ሙሉ ዲስክ 14 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ "ቬሪፋይ" (የተጻፈውን ከመነሻው ጋር ማመሳከር) ደግሞ ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል። ቬሪፋይን አትዝለሉት። መጨረሻ ላይ ዲስኩ መዘጋት አለበት፤ ያልተዘጋ ዲስክ በጻፈው ኮምፒዩተር ላይ ይጫወታል፣ ዴክ ላይ አይጫወትም።

መብራት መጥፋቱን አስቡት። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ ከ50 በመቶ በታች ሆኖ ግን አትጀምሩ። መጻፊያው በዩኤስቢ የሚሠራ ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ፦ አንድ የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፕ ነው፣ መጻፊያው ግን ሌዘሩ ሲሠራና ሞተሩ ሲነሳ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። "ፓወር ካሊብሬሽን" የሚል ስሕተት ገና ሲጀምር ከመጣ ዲስኩን ከመሳደባችሁ በፊት ሁለት ራስ ያለውን ኬብል ሁለት ቀዳዳ ላይ ሰኩት፣ ወይም የራሱ መብራት ያለው ሃብ ተጠቀሙ። ያ ካልፈታው ሌላ ዓይነት ዲስክ ሞክሩ፤ ያም ካልሆነ ሌንሱ አቧራ ይዟል፣ በአልኮል በራሰ ጥጥ ሳትጫኑ አንዴ አብሱት። አይኤስኦውን ከፍላሽ ላይ ሳይሆን ከላፕቶፑ ውስጥ ጻፉት፤ የላፕቶፑን "ስሊፕ"ም አጥፉ።

ዴኩ ላይ

ዲስኩ ከተጫወተ በኋላም ሥራ አለ። የዴኩን "ሴትአፕ" ክፈቱና ድምፅ የሚለው ሥር "ኤልፒሲኤም 48" የሚል ማሳነሻ ካለ ወደ 96 ቀይሩት። ፋብሪካ ብዙውን ጊዜ 48 ላይ ትቶት ይወጣል። ከአምፕሊፋየር ጋር በዲጂታል ኬብል የምታገናኙ ከሆነ ይህ ነው የሚለየው፤ የተቆለፉ የፊልም ዲስኮች በ96 በዲጂታል እንዳይወጡ ይታገዳሉ፣ የእናንተ ዲስክ ግን ቁልፍ ስለሌለው ዴኩ ከፈቀደ ይወጣል። በቀይና በነጭ ኬብል ለሚያገናኝ ሰው ድምፁ እዚያው ዴኩ ውስጥ ስለሚቀየር የዴኩ ጥራት ነው የሚወስነው። "3ዲ ሳውንድ"፣ "ባስ ቡስት" የሚሉትን ሁሉ አጥፉ፤ እነሱ ካሉ ሁሉም ልፋት ከንቱ ነው።

ዲቪዲ-ኦዲዮ ለማን ይሆናል

ዲቪዲ-ኦዲዮ ደረጃው እ.ኤ.አ. በ1999 ተጠናቀቀ። ጣሪያው በሰከንድ 9.6 ሜጋቢት ስለሆነ 24/192 ስቴሪዮ ይገባበታል፤ 44.1 እና 88.2ንም ሳይቀይር ይቀበላል፣ ይህ ከሲዲና ከ88.2 ሪኮርደር ለሚነሳ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ስድስት ቻናል በ24/96 ግን 13.824 ሜጋቢት ስለሚሆን ኤምኤልፒ በሚባለው ምንም በማያጠፋ መጭመቂያ ካልታጠፈ አይገባም። የሚያነብ ዴክ ያለው ሰው ዲቪዲኤ-ኦተር የሚባለውን ነፃ የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም ይጠቀም። ዘፈኖቹን በግሩፕ ይከፋፍላል፤ አንድ ዲስክ እስከ 9 ግሩፕ፣ አንዱ ግሩፕ እስከ 99 ዘፈን። ሥራው "ኦዲዮ ቲኤስ" በሚባለው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። በርን ስታደርጉት የፋይል ሥርዓቱ ዩዲኤፍ 1.02 ከአይኤስኦ 9660 ጋር መሆን አለበት፤ ዳታ ዲስክ ብላችሁ በሌላ ዩዲኤፍ ከጻፋችሁት ዴኩ ፎልደሩን አያየውም።

በጣም የምወደው አሠራር ሁለቱን ማቀላቀል ነው፦ በኦዲዮ ቲኤስ 24/96፣ በቪዲዮ ቲኤስ (ተራው ዲቪዲ-ቪዲዮ በሚቀመጥበት ፎልደር) ደግሞ ያንኑ በ24/48። ለየቱም ዴክ ይሆናል፣ ዋጋው ቦታ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በላይ አይገባም።

ኤስኤሲዲን (ሱፐር ኦዲዮ ሲዲን) የሚጠይቁ አሉ። ቤት ውስጥ አይሠራም፤ ቁልፉ በፋብሪካ ዲስኩ አካል ላይ ነው የሚታተመው፣ ባዶውም አይሸጥም። 2.8224 ሜጋኸርዝ የዲኤስዲ ፋይል (የኤስኤሲዲ ድምፅ የሚቀመጥበት ዓይነት) ያለው ሰው ፋይሉን በዲቪዲ ጽፎ በአንዳንድ የሶኒ ማጫወቻዎች ላይ ማጫወት ይችላል፤ እዚህ አገር ያን ያህል መድከም አይመስለኝም።

አቀማመጥ

የዲስኩ ቀለም ሙቀትና ብርሃን ይጠላል። ባቲና ከሚሴ ላይ መኪና ውስጥ ፊት ለፊት የተተወ ዲስክ ብዙ አይቆይም። ደሴ ደግሞ ሙቀት ሳይሆን ጉሙና እርጥበቱ ነው፤ ከብርድ የመጣ ዲስክ ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ ላብ ስለሚያወጣ እስኪደርቅ ዴኩ ውስጥ አታስገቡት። ወረቀት አትለጥፉበት፣ ሲሽከረከር ሚዛኑን ያጣል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ንም አትርሱ፤ የገዛችሁትን ካሴት ለራሳችሁ መገልበጥና ዲስኩን አባዝቶ መሸጥ አንድ አይደሉም።

ዲስኩን ብቸኛ ቅጂ አታድርጉት። ያልጸዳውን የመጀመሪያ ቅጂ በፍላክ ቀይራችሁ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ መጠኑ በግማሽ አካባቢ ይቀንሳል፣ ከድምፁ ምንም አይጠፋም፣ ፋይሉ መበላሸት አለመበላሸቱንም ፍላክ ራሱ ይፈትሻል። ዲስኩ ላይ በሚጻፍበት ገጽ፣ ቀዳዳው አጠገብ፣ በለስላሳ ማርከር ቀኑን፣ 24/48 ወይም 24/96 መሆኑንና ካሴቱ ከማን ቤት እንደመጣ ጻፉበት።